በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀትና በልጃችን እጅ የሚገባው ወረቀት

(በሐዴራ ለአዲስ ገቢ ወላጆች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻሉ ወላጆች ይጠቅማል በሚል በጽሑፍ ቀርቧል።)



ከሥራ መልስ፣ ከኡልፓን መልስ፣ ትንንሾቹን ለጎረቤት ትታችሁ መምጣታችሁ ለልጆቻችሁ ትምህርት ምን ያህል እንደምታስቡ ያሳያል።

የዛሬው ጉዳያችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከመካከላችሁ ልጆቻቸው 8ኛና 9ኛ ክፍል የደረሱ አሉ። ትምህርት ቤቶች በራቸውን ከፍተው ወላጆችን የሚጋብዙበት ቀን አላቸው፤ በዕብራይስጥ «ዮም ፓቱዋህ» ይባላል። በዚያ ቀን ስትገቡ መተላለፊያው በሙሉ የምስክር ወረቀት ተሰቅሎበት ታገኛላችሁ። በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ዋንጫ ተደርድሯል። ማኅተም አለ፣ የትልልቅ ሰዎች ፊርማ አለ። ዕብራይስጡን ገና በደንብ ያላነበበ ወላጅ ይህን ሁሉ ሲያይ «ይህን ያህል የተሸለመ ትምህርት ቤት ልጄን አይጥልብኝም» ብሎ የመመዝገቢያውን ቅጽ ፈርሞ ይመለሳል።

ሽልማት መጥፎ ነገር አይደለም። የተሸለመ ትምህርት ቤት ካልተሸለመው ቢመረጥ አያስገርምም። ነገር ግን በግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የተሰጠው ለትምህርት ቤቱ ነው። ለልጃችን የሚሰጠው ወረቀት ሌላ ነው። ሁለቱን ለይተን ማንበብ ካልቻልን በጣም በሚያምር ሕንፃ ውስጥ 3 ዓመት የተማረ ልጅ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

የምስክር ወረቀት እንዴት ይነበባል?

ይህን ማንበብ የምትችሉ ሰዎች ናችሁ፤ በየሳምንቱ ታደርጉታላችሁና። ሥጋ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት የካሽሩት ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ያገኘ ሰው ሦስት ነገር ያያል፦ ማን ፈረመበት? የተሰጠው ለዚህ ሥጋ ቤት ነው ወይስ ለሌላ? እስከ መቼ ይሠራል? የአምናው ወረቀት ለዘንድሮ ሥጋ አይሆንም። ለዳቦ መጋገሪያው የተሰጠውም ለሥጋ ቤቱ አይሠራም።

የትምህርት ቤቱንም ወረቀት በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች አንብቡት፦ ማን ሰጠው? ለምን ጉዳይ ሰጠው? መቼ ሰጠው? ሐዴራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የወረቀት ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት፤ እዚህ ወረቀት ብርቅ አይደለም። ዋጋ ያለው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው።

በግድግዳው ላይ ምን ምን ይገኛል?

መጀመሪያ ብዙ ጊዜ በግድግዳ ላይ የማይሰቀለውን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነውና። ይኸውም ዕውቅና ነው። በእስራኤል አገር በ1969 በወጣው የትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ሕግ መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ትምህርት ቤት ሊከፍት አይችልም። ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት በትምህርት ሚኒስቴር («ሚስራድ ሃሂኑኽ») ዘንድ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ «ሴሜል ሞሳድ» ይባላል። ከሚኒስቴሩ የተመደበ ተቆጣጣሪም («ሜፋኬያህ») አለው። ከዚህም ሌላ በ1953 በወጣው የመንግሥት ትምህርት ሕግ መሠረት የመንግሥት («ማምላኽቲ») እና የመንግሥት ሃይማኖታዊ («ማምላኽቲ ዳቲ») የሚባሉ ሁለት ዘርፎች አሉ። ዕውቅና አግኝተው በግል ድርጅቶች የሚተዳደሩም አሉ። ብዙዎቹን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት እንደ ኦርት፣ አማልና አሚት ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ኦርትን ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎቻችን በደንብ ያውቁታል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንደሮቻችን ትምህርት ቤት ያሠራ የነበረው ድርጅት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ትምህርት ቤት ዕውቅና አለው ወይ? ለባግሩት ያስፈትናል ወይ?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው «ፕራስ ሃሂኑኽ ሃአርጺ» የሚባለው ብሔራዊ የትምህርት ሽልማት ነው። የሚሰጠው ሚኒስቴሩ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለትምህርት ቤትና ለከተማ አስተዳደርም ይሰጣል። ገምጋሚዎች የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ አሠራር ይመለከታሉ፤ ትልቅ ክብር ነው። ከሰጪው ስም ቀጥላችሁ ግን ዓመቱን እዩ። ከ12 ዓመት በፊት የተሸለመ ትምህርት ቤት ዛሬ ዳይሬክተሩም መምህራኑም ተለውጠው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው «ቤት ሴፌር ያሮክ» ማለትም «አረንጓዴ ትምህርት ቤት» የሚል ነው። ይህ ትምህርት ቤቱ ስለ አካባቢ ጥበቃ ማስተማሩን፣ ውኃና መብራት መቆጠቡን፣ ቆሻሻ ለይቶ መጣሉን የሚመሰክር ነው። ደግ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ሒሳብ ትምህርት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አራተኛው ዋንጫው ነው። የእግር ኳስ፣ የሮቦት ሥራ ውድድር፣ በነጻነት ቀን በኢየሩሳሌም ለሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ የደረሱ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይኖራል። ይህን ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ግን አንድ ነገር ጠይቁ። በሮቦቱ ቡድን ውስጥ ስንት ልጆች ናቸው? ልጄ ሊገባ ይችላል? ክፍያ አለው? በአንድ ሺህ ልጅ መካከል 15 ልጆች ያመጡት ዋንጫ የ15ቱ ልጆች ነው።

የውጭ ዳኛ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ፈተና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መምህሩ ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚያርመው ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣና ልጁን የማያውቅ ሰው የሚያርመው ነው። የመጀመሪያው ልጁን ለማስተማር ይጠቅማል። ሁለተኛው ልጁ በእውነት የት እንደ ደረሰ ይናገራል።

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። በኢትዮጵያ የ8ኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ነበረ፤ በላዩ «ማትሪክ» ነበረ። የቅርቡን ደግሞ አዲስ የመጣችሁት በዓይናችሁ አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ በጥር 2023 ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች መካከል በክፍላቸው አንደኛ፣ ሁለተኛ እየወጡ ካርድ ሲቀበሉ የኖሩ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። የውስጡ ውጤትና የውጭው ዳኛ ሲለያዩ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

በእስራኤል አገር የውጭው ዳኛ «ባግሩት» ይባላል። ፈተናውን የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ነው፤ በክረምትና በበጋ በአገሪቱ ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ይሰጣል። የእያንዳንዱ ትምህርት ክብደት በ«ዬሒዶት» ማለትም በዩኒት ይለካል። ከ1 እስከ 5 ዩኒት አለ። 3 ዩኒት ሒሳብ ማለት መሠረታዊ ነው፤ 4 መካከለኛ ነው፤ 5 ከፍተኛ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ማለፊያው 55 ነው። ሙሉ ባግሩት ለማግኘት ቢያንስ 21 ዩኒት ያስፈልጋል፤ ከትምህርቶቹም ቢያንስ አንዱ በ5 ዩኒት ደረጃ መሆን አለበት። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዕብራይስጥ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ የግዴታ ትምህርቶች ናቸው። የሃይማኖታዊው ዘርፍ የራሱ ተጨማሪዎች አሉት።

ሦስት ዓይነት ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ሁሉ በሥነ ሥርዓቱ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እናቱ እልል ብላለት ይወጣል። በእጁ የሚገባው ወረቀት ግን ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አንደኛው 12 ዓመት ተምሮ መጨረሱን የሚመሰክር ነው። ይህ ወረቀት ባግሩት አይደለም። ለአንዳንድ ሥራና የሙያ ሥልጠና ይጠቅማል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አያስገባም።

ሁለተኛው ሙሉ ባግሩት ነው። ይህ ብዙ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ባግሩት ሆኖ የዩኒቨርሲቲ መግቢያን የሚያሟላ ነው። በስሙ ከሁለተኛው አይለይም፤ ወረቀቱም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በውስጡ ነው። ዋናው ነገር እንግሊዝኛው ነው፤ ለባግሩት 3 ዩኒት ሲበቃ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ 4 ይፈልጋሉ። 5 ዩኒት ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የተፈተነ ልጅ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት በውጤቱ ላይ ተጨማሪ ነጥብ («ቦኑስ») ይጨመርለታል።

ይህን ለምን ደጋግሜ እነግራችኋለሁ? ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በሲግድ ሰሞን ስለ ማኅበረሰባችን መግለጫ ያወጣል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥም አንድ ነገር ግን ጸንቶ ቆይቷል። ባግሩት በማግኘት ልጆቻችን ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት እየጠበበ መጥቷል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያን በሚያሟላ ባግሩት ግን ልዩነቱ በጣም የሰፋ ነው። ማለትም ልጆቻችን ይማራሉ፣ ይደክማሉ፣ ያልፋሉ፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ዩኒት የተነሣ በሩ ላይ ይቀራሉ።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1984ና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ብዙዎቹም የሙያ ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ክፍሎች ገቡ። ወላጆቻቸው ልጃቸው ትምህርት ቤት መግባቱን እንጂ በየትኛው ክፍል መግባቱን የሚጠይቁበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ከውትድርና በኋላ በ25 ዓመታቸው ተመልሰው የ10ኛ ክፍል ሒሳብ የተማሩ አሉ። እናንተ ግን የእነሱን ልምድ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ።

በመቶኛ የሚነገር ቁጥር

በዮም ፓቱዋህ ዳይሬክተሩ ተነሥተው «የባግሩት ውጤታችን 90 በመቶ ነው» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከምን ላይ 90 በመቶ እንደሆነ ግን ማወቅ አለባችሁ።

ለምሳሌ 100 ልጆች 10ኛ ክፍል ገቡ እንበል። በሁለት ዓመት ውስጥ 20ዎቹ «ለእርስዎ ልጅ ሌላ ቦታ ይሻለዋል» እየተባለ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተሸኙ። 80 ልጆች 12ኛ ክፍል ደረሱ፤ 72ቱ ባግሩት አገኙ። ከ80 ላይ 72 ማለት 90 በመቶ ነው። ከገቡት 100 ላይ ግን 72 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት አይደሉም። የእናንተ ልጅ ከ20ዎቹ አንዱ ቢሆን ግን 90 በመቶው ምን ይጠቅማችኋል?

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ልጅ ትምህርት ቤቱን ለቆ ወጣ? ባግሩት ካገኙት ውስጥ ስንቶቹ 4 እና 5 ዩኒት እንግሊዝኛና ሒሳብ ተፈተኑ? ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። እንዲያውም የሚጠይቅ ወላጅ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

መቼ ይወሰናል?

ባግሩት የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። አይደለም። ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ልጆች በሒሳብና በእንግሊዝኛ በየችሎታቸው ይከፈላሉ፤ ይህ «ሃክባጻ» ይባላል። በታችኛው ሃክባጻ 9ኛን የጨረሰ ልጅ 10ኛ ላይ 3 ዩኒት ይደርሰዋል፤ አንዳንዴም ሙሉ ባግሩት ወደማያደርስ ክፍል ይመራል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ በፊት መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው። የመደቆሻው ጊዜ 8ኛና 9ኛ ክፍል ነው።

አዲስ የመጣ ልጅ ደግሞ ልዩ ችግር አለው። ከመጣ በስድስት ወሩ በዕብራይስጥ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ይቀርብለታል። ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ግን አላነበበውም። ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ታችኛው ሃክባጻ ይገባል። በዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙ ሰው ፕሮፌሰር ሬኡቬን ፎየርሽታይን ነበሩ፤ በ1992 የእስራኤል ሽልማት ተሸልመዋል፤ በ2014 ዐርፈዋል። ከኢትዮጵያ ከመጡ ልጆቻችን ጋርም ሠርተዋል። ትምህርታቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የተለመደው ፈተና ልጁ እስካሁን ምን እንደተማረ ይለካል እንጂ ወደፊት ምን መማር እንደሚችል አይለካም፤ ስለዚህ ልጁን አስተምረህ ከዚያ እየው። በመሆኑም ልጃችሁ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የተመደበበትን ሃክባጻ እንደ መጨረሻ ፍርድ አትውሰዱት። በየስድስት ወሩ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ከአንድ አባት ጋር ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ይህ አባት አንድም የወላጆች ቀን አላመለጠውም። በየጊዜው የሚነገረው «የሌድ ቶቭ፤ ሻኬት፤ ሃኮል በሴዴር» የሚል ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጸጥተኛ ነው፣ ሁሉም ደኅና ነው ማለት ነው። አባትየውም አመስግኖ ይመለሳል። በዚያ ቀን ልጁ በስንት ዩኒት እንደሚማር ጠየቅን። መምህርቷ ወረቀቷን አገላበጠችና ክፍሉ የ12 ዓመት ማጠናቀቂያ እንጂ ሙሉ ባግሩት እንደማያሰጥ ነገረችን። ልጁ ያን ጊዜ 11ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነበር። ማንም አልዋሸውም፤ ልጁ በእርግጥም ጸጥተኛ ነበር። ያልተጠየቀውን ግን ማንም አልነገረውም። ከዚያ በኋላ ልጁ ጥቂት ትምህርቶች ተጨምረውለት ተፈተነ፤ የቀረውን ከውትድርና በኋላ በግል እየተማረ ጨረሰ። ሆነለት፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ፈጀበት።

እኛ ልጅን ለመምህር አስረክቦ መመለስ ለመምህር የሚሰጥ ክብር ነው ብለን አድገናል። በዚህ አገር መጠየቅም ክብር ነው። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

ምን እንጠይቅ? ማንን እንጠይቅ?

የምትጠይቋቸው ሰዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ የክፍል ኃላፊዋ («ሜሃኔኸት»)፣ ሁለተኛ የትምህርት ቤቱ አማካሪ («ዮዔጼት»)፣ ሦስተኛ የክፍል ደረጃው አስተባባሪ («ራካዜት ሺኽቫ») ናቸው። ጥያቄዎቹን በዕብራይስጥ እንደሚነገሩት ጽፌላችኋለሁ፤ ለሴት ልጅ «ሃቤን» የሚለውን «ሃባት» በሉት።

1. «በኤይዞ ሃክባጻ ሃቤን ሼሊ?» ልጄ በየትኛው ሃክባጻ ነው?

2. «ካማ ዬሒዶት በማቴማቲካ? ካማ በአንግሊት?» በሒሳብ ስንት ዩኒት? በእንግሊዝኛስ?

3. «ሃኪታ ሃዞት ሞቪላ ሌባግሩት ሜሌአ?» ይህ ክፍል ወደ ሙሉ ባግሩት ያደርሳል?

4. «ማ ሃሴር ሎ?» ምን ይጎድለዋል? ለሴት ልጅ «ማ ሃሴር ላ?» በሉ።

5. «ማታይ ኤፍሻር ላዓሎት ሃክባጻ?» ወደ ላይኛው ሃክባጻ መቼ መውጣት ይቻላል?

መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ «ቲኽቴቪ ሊ በቫካሻ» በሉ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን መራራ ነገር ለአባቱ እንዴት አድርጎ ይተርጉመው? አስተርጓሚ ወይም የማኅበረሰቡን አገናኝ («ሜጋሼር») አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ ልጅን በትውልዱ ወይም በኑሮው ምክንያት በምዝገባም ሆነ በክፍል ምደባ ማበላለጥን ይከለክላል። ተማሪ ለባግሩት የመፈተን መብት አለው ይላል። ወላጆችና ልጁ ሳይደመጡ ለዘለቄታው ማባረርንም ይከለክላል። በ2007 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የግዴታ ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል እንዲደርስ ተወስኗል። ስለዚህ «ሌላ ቦታ ይሻለዋል» ስትባሉ ወዲያው አትፈርሙ። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ።

ለአዲስ ገቢ ልጆች በባግሩት ፈተና ላይ የሚደረግ ልዩ አስተያየትም አለ፤ ተጨማሪ ሰዓትና መዝገበ ቃላት ከዚያ ውስጥ ናቸው። መብቱ የሚቆጠረው ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ «ቴዑዳት ኦሌ» የሚባለውን ደብተራችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። አማርኛም ከባግሩት ትምህርቶች አንዱ ነው። ልጃችሁ ማንበብና መጻፍ ከቻለ በአማርኛ መፈተን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ቋንቋችን በቤት ብቻ የሚነገር ሳይሆን በምስክር ወረቀት ላይ ነጥብ የሚያስገኝ ነው።

ከትምህርት ሰዓት ውጭም በከተማችን የሚገኝ ነገር አለ። በጊቭዓት ኦልጋ ያለው ቴክኖዳ የሳይንስ ማዕከል ነው፤ የከዋክብት መመልከቻም አለው። ስለሚሰጠው የከሰዓት በኋላ ትምህርትና ስለ ክፍያ ቅናሽ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ ይዛችሁ የመጣችሁት ወረቀት

ልጆቻቸው 17 እና 18 ዓመት ሆኗቸው ለመጡ ወላጆች ጥቂት ልጨምር። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ያመጣችሁትን ካርድ፣ ትራንስክሪፕትና የፈተና ውጤት አትጣሉ። በውጭ አገር የተገኘን የትምህርት ማስረጃ መርምሮ ከዚህ አገር ምስክር ወረቀት ጋር የሚያመዛዝን ክፍል በትምህርት ሚኒስቴር አለ። ዋናውን ይዛችሁ ኮፒውን ስጡ እንጂ ዋናውን ለማንም አትልቀቁ። ትርጉም ሲያስፈልግ ማኅተም ባለው ሰው አስተርጉሙ። ስሙ በፓስፖርቱና በካርዱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም አረጋግጡ፤ አንድ ፊደል የተለየ እንደሆነ ብዙ ያመላልሳል።

ጊዜው ያለፈበት ለሚመስለውም ልጅ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። በግል መፈተን («ኤክስተርኒ») አለ፤ በውትድርና ጊዜ ትምህርት ማሟላት አለ፤ ከውትድርና በኋላም የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ («ሜኪና») አለ። እነዚህ መልካም መንገዶች ናቸው። ነገር ግን ረጅም ናቸው፤ ልጁ ሥራ ይዞ፣ ቤት ኪራይ እየከፈለ የሚሄድባቸው ናቸው። በ15 ዓመት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ በ25 ዓመት የሚከፈለውን ሦስት ዓመት ያድናል።

በመጨረሻም

ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄዱ በግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ፤ አድንቁም። ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠው እዩ። ከዚያ ወደ ቢሮው ግቡና ስለ ልጃችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሦስት አራት ወላጆች ሆናችሁ ሂዱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በወላጆች ኮሚቴም («ቫዓድ ሆሪም») ለመመረጥ አትፍሩ። በኮሚቴው ውስጥ ከእኛ አንድ ሰው ካለ ጥያቄያችን በየዓመቱ ከዜሮ አይጀምርም።

አምስቱ ጥያቄዎች በትንሽ ወረቀት ተጽፈው በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ላልመጣው ጎረቤታችሁም ጨምራችሁ ያዙለት። ከሚቀጥለው የወላጆች ቀን በፊት ጥያቄዎቹን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ ልጆቻችሁ አነጋገራችሁን ቢያርሟችሁ አትፈሩ።